ቀለም የተቀበለው ሳጥን

ሬዲዮ ትሰማለህ? እኔ ከሰሞኑ ፈርቼዋለሁ። ባሕር ማዶ የሚያስብ ማኪና ተሠርቷል ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። የፒያሳ ወዳጆቼ ውሸት ነው ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ምነው ብትለኝ፣ የሚማር ማኪና በዓይኔ አይቻለሁና ነው።

ያኔ ከጠዳ መጥቼ ከየኔታ ዘንድ ዜማ እማር ነበር። የኔታ ሸጋ ሰው ናቸው፤ መቋሚያቸው ግን ሸጋ አልነበረም። ትንሽ ከሳትህ ትከሻህ ላይ ታርፋለች። "መልስ" ይሉሃል። ትመልሳለህ። ደግሞ "መልስ።" እንዲህ እየተባለ አንዱ የዜማ ቀለም ሳምንት ይፈጃል።

አያ ዓለሙ የሚባሉ ነጋዴ ከአስመራ ድምፅ የሚቀዳ ቴፕ ይዘው መጡ። የኔታ አርጅተዋል፣ ዜማቸው አብሯቸው አፈር ሳይገባ ይቀዳ አሉ። ደግ አሰቡ። የኔታም ተለምነው ከሳጥኑ ፊት ተቀመጡና የበዓሉን ዜማ አንድ ጊዜ አዜሙ። አያ ዓለሙ ቁልፉን ተጫኑ። ወዳጄ፣ ምን ልበልህ፤ የኔታ አፋቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል፣ ድምፃቸው ግን ከሳጥኑ ይወጣል። የኔታ አማተቡና ይኼ ስንት ዓመት ተማረ ብለው ጠየቁ። አሁን እርስዎ ሲያዜሙ ነው የተማረው አሏቸው አያ ዓለሙ። እሳቸው የፈጀባቸው አሥራ አራት ዓመት ነው።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይመታል? የሁላችንም መንገድ ወደ አያ ዓለሙ ቤት ሆነ። ሳጥኑ አይቆጣ፣ አይደክመው፣ "መልስ" አይል። መቶ ጊዜ ብትጠይቀው መቶ ጊዜ ይነግርሃል። የኔታ ከወይራው ሥር ወንበራቸው ላይ ብቻቸውን ይውሉ ጀመር። ደግሞ የደብሩ አለቃ ተማሪ የሌለው የማስተማሪያ ወንበር ይታጠፍ ማለታቸው ተሰማ። ከታጠፈ የኔታ ወዴት ይሄዳሉ? ልጅ የላቸው፣ ርስት የላቸው። አንጀቴን በሉት፤ ግን አልተመለስሁም። ትከሻዬ ድኖ ነበራ።

በዓሉ ደረሰ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገሬ ሰው፤ እኛ ግን ጠምጥመን ቆምን። ዜማው እንደ ውኃ ወረደ፤ ሕዝቡም አደነቀ። መሐል ላይ አሥራ ሁለታችንም ባንድ ቦታ ቀጥ አልንና ባንድነት "እህ፣ እህ" ብለን ሳልን። ከዚያ ቀጠልን። ካህናቱ ተያዩ፤ አለቃው ጸናጽላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ለካ የኔታ ሲቀዱ እዚያ ላይ ስለው ኖሯል፤ ለኛ እሱም ዜማ ነበር። ጥፋታችንን ማን ይንገረን? ሳጥኑ የሰማውን ይላል እንጂ እኛን የሚሰማበት ጆሮ የለው።

አለቃው የዚያኑ ዕለት ወንበሩ እንዳይነካ አዘዙ። እኛም በነጋታው እንደ አገራችን ልማድ ድንጋይ በትከሻችን ተሸክመን ከየኔታ እግር ሥር ወደቅን። ይቅር ብለው አነሡን። እኔ አፍሬ፣ ሳልዎ ዜማ መስሎን ነው የኔታ አልኋቸው።

"እኔ ሳል ይዞኝ አያውቅም፤ መምህሬ ናቸው ደረታቸውን ያማቸው የነበረ" አሉ የኔታ። እኛም እሳቸውም መሬት መሬት አየን።

ከዚያ መቋሚያቸውን አነሡ። "መልሱ፤ ያለ ሳል።"

ጀመርን። ያ ቦታ ሲደርስ እኛ ትንፋሻችንን ይዘን አለፍነው። የሳሉት የኔታ ናቸው።