ይቅርታ ሲጠየቅ የገባች ጎል

ሐበሻ በረኛ መሆን አይወድም! ከፈለጋችሁ ተከራከሩኝ። አሥራ አንድ ሐበሻ ሜዳ አስገቡና «ማን የት ይጫወታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አሥራ አንዱም አሥር ቁጥር ነው። ጎል የሚቆመው ወይ ጫማ ያልያዘው ነው፣ ወይ አርፍዶ የመጣው ነው፣ ወይ ደግሞ እምቢ ማለት የማያውቀው። እኔ ሦስቱንም ነበርኩ።

ሶ... በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ሲያትል ውስጥ የእኛ ሰው ገና ጥቂት ነበር፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኖርዝጌት አጠገብ ባለ መናፈሻ ኳስ እንጫወታለን። በዓመት አንዴ ደግሞ የፖርትላንድ ሐበሾች መኪና ሙሉ ሆነው ይመጡና ይገጥሙናል። ያሸንፉናል፣ ምሳችንን ይበላሉ፣ አመስግነው ይሄዳሉ። የእኛ በረኛ ማን እንደነበረ መቼም ገምታችኋል። ስሜ ተረስቶ «ወንፊት» ሆኜ ነበር። ሰው ቤቴ ኮል ሲያደርግ እንኳ «ወንፊት አለ?» ነው የሚለው። እናንተዬ፣ በዚህ ስም እንዴት ሚስት ይገኛል?

ሚስት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ራሔል የምትባል ልጅ ነበረች፤ ከእሷ ጋር ከተስማማን ሰንብተናል። የቀረው አባቷ ናቸው። አባቷ ከሲያትል በስተደቡብ ዴ ሞይን በምትባል ከተማ ይኖራሉ፣ ፊታቸውን ፈትተው አያውቁም፤ የሚሰሙት ሰው ቢኖር ጋሽ ታደሰን ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰ አዲስ አበባ እያሉ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ሽማግሌ ሆነው ከዚያ ዓመት የፖርትላንድ ግጥሚያ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ዴ ሞይን ሊሄዱልኝ ቃል ገብተዋል።

እኚሁ ጋሽ ታደሰ የቡድናችን ተከላካይም ናቸው! አምሳን ተሻግረዋል፣ ቁምጣቸውን እስከ ደረታቸው ነው የሚያወጡት። እውነት ለመናገር ከቦታቸው ብዙ አይንቀሳቀሱም። ግን ማን ደፍሮ ያልፋቸዋል? በልምምድ ላይ ኳስ ይዘን እሳቸው ጋ ስንደርስ ወይ እንመለሳለን፣ ወይ ራሳችን እናቀብላቸዋለን። የፖርትላንድ አጥቂዎችም ቢሆኑ «ይቅርታ ጋሼ» ሳይሉ አያልፏቸውም።

አሁን ዱንካንን ላስተዋውቃችሁ። እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ መኪና የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ መኪና አጥባለሁ፤ እሱ መንገደኛ የሚያመላልሰውን ቫን ይነዳል። ስኮትላንዳዊ ነው። እንግሊዝኛው አንድም ቃል አይገባኝም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ስሳቀቅ ከርሜ፣ አንድ ቀን አለቃችን ራሱ «ምን አለ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። አለቃችን እዚሁ ሲያትል ተወልዶ ያደገ አሜሪካዊ ነው! ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱንካንን እንደ ወንድሜ ወደድኩት።

ቀስ ብሎ ሲገባኝ ሰውየው ለካ ደመወዝ ተከፍሎት የሚጫወት በረኛ ነበር! የኳስ ዘመኑን የሚተርከው በጣቶቹ ነው፤ አንዷም ከሌላዋ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ አታይም። ትንሿ ጣት ልጅ ሳለ በአገሩ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ውስጥ የተሰበረች ናት። እዚያ ነፋሱ አያድርስ ነው፤ በረኛው የለጋውን ኳስ መልሶ በራሱ ላይ ያገባበታል። ቀጥሎ ያለችው የሁለተኛ ዲቪዚዮን ናት፤ ከጎሉ ብረት ጋር ተጋጭታ። መሃለኛዋ የትልቁ ክለብ በረኛ ታሞ አንድ ቅዳሜ ተተክቶ ሲሰለፍ ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነባት ናት፤ እሷን ሲያሳይ ድምፁ ይለወጣል።

«ብሔራዊ ቡድንስ?» አልኩት።

ሌባ ጣቱን አነሳ። «ይቺ ናት። ቀጥ ብላለች አይደል? ተጠርቼ አልተሰለፍኩም።»

አውራ ጣቱ የሲያትል ናት። እዚህ ጣሪያ ባለው ትልቅ ስታዲየም፣ በፕላስቲክ ሣር ላይ፣ ሕዝብ እየጮኸለት ተጫውቷል። ከዚያ ክለቡ ከሰረና ተዘጋ። ጓደኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እሱ ግን እዚሁ አጠገብ የቡሪየን ከተማ ልጅ አግብቶ ነበርና ቀረ፣ የቫን ቁልፍ ያዘ። እጆቹ ግን ሥራ አልፈቱም። ወደ ቫኑ የሚወረወረውን ሻንጣ ሁሉ በደረቱ ነው የሚቀልበው።

«እሑድ ትጫወትልናለህ?» አልኩት። ዓይኑ እንባ ያዘ! እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ ወንፊትነቴ ሊያበቃ ነው።

የፖርትላንዶች ቀን ደረሰ። ዝናቡ ያካፋል። ዱንካን አሮጌ ጓንቱን አጠለቀና ጎል ቆመ፤ እኔ ከጎሉ ጀርባ ሆኜ የሚወጣውን ኳስ አቀብላለሁ። ወይ ጉድ! ሰውየው ጎሉን እንደ ቤቱ በር ነው የሚያውቀው። በቀኝ ሲመጣ አለ፣ በግራ ሲመጣ አለ። ፖርትላንዶች እርስ በርሳቸው መጣላት ጀመሩ። እረፍት ወጣን፤ ዜሮ ለዜሮ! በታሪካችን ሆኖ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አልነገርኳችሁም። ዱንካን ይጮሃል። «የበረኛ ግማሽ ሥራው አፉ ነው» ይላል። ከእረፍት በኋላ አንድ የፖርትላንድ አጥቂ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ጋሽ ታደሰን አለፈና ለጋ። ዱንካን ተወርውሮ ኳሷን ያዛት፤ እንደተነሳ ግን በዚያ ቅዝቃዜ ከአፉ እንፋሎት እየወጣ ጮኸ።

«አንተ ሽማግሌ! ተኝተሃል እንዴ? ሰውህን ያዝ! ወይ ያዝ፣ ወይ ከፊቴ ጥፋ!» የቀረውን ጋዜጣ አያትመውም።

ሌላ ጊዜ ማንም የማይገባው የዱንካን እንግሊዝኛ ያን ቀን ለጋሽ ታደሰ ጥርት ብሎ ገባቸው። ቁምጣቸውን ከፍ አደረጉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፣ ወደ ጎሉ ብረት ሄደው ጀርባቸውን ለጨዋታው ሰጥተው ቆሙ።

«ጋሽ ታደሰ! ምነው?» አልኳቸው ከመረቡ ጀርባ።

«ስማ አንተ ልጅ! ይሄን እንግሊዝ አምጥተህ ያሰደብከኝ አንተ ነህ። የቅዳሜውንም ሽማግሌ ሌላ ፈልግ።»

ዴ ሞይን ከፊቴ ራቀች። አባቷ እሳቸውን ካልሰሙ ማንን ይሰማሉ?

ይባስ ብሎ ዱንካን አንዲቱን ቃል ሰማት። «እንግሊዝ አለኝ? እኔን? እንግሊዝ?» ፊቱ በርበሬ መሰለ። ስኮትላንዳዊን እንግሊዝ ማለት ለካ እናቱን ከመስደብ ይብሳል። ሶ... አሁን የተቀየሙት ሁለት ሆኑ!

ነገሩ በእኛ ሰው ዘንድ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሰው ተቀይሞ ቆሞ ኳስ የሚጫወት ማን አለ? የእኛዎቹ መጡ። የፖርትላንድ ካፒቴን ራሱ፣ የሲያትልን ጎል ሲያሳድድ የዋለው ሰውዬ፣ «ኧረ ነውር ነው፣ ይታረቁ!» እያለ መጣ። ሁሉም ጎሉን ከበበ። አንዱ «አላወቀም እኮ ጋሼ»፣ ሌላው «ስለ እግዚአብሔር»፣ ሦስተኛው «ስለ ልጆችዎ»። ዳኛው አሜሪካዊ ነው፤ ስለ ጨዋታ የምንመካከር መስሎት ሰዓቱን እያየ ቆመ። ፊሽካ አልነፋም። እቺን ያዙልኝ።

«ጉልበታቸውን ሳም!» አልኩት ዱንካንን።

«ምን አድርግ?»

«ጎንበስ በል፣ ወደ ጉልበታቸው! እሳቸው ‹ተው ተው› ብለው ያነሱሃል፤ በቃ አለቀ።»

ምስኪን! ኳሷን በአንድ እጁ ደረቱ ላይ እንዳቀፈ፣ አንዱን እጁን ዘርግቶ ጎንበስ አለ። ጋሽ ታደሰ በዓይናቸው ጥግ አዩትና ጭራሽ ዞሩ።

«በአንድ እጅ?» አሉ። «በአንድ እጅ ይቅርታ?»

እውነታቸውን ነው! እኛ ዘንድ ውኃ እንኳ በአንድ እጅ አይሰጥም። «ዱንካን፣ ሁለቱንም እጅ!» ብዬ ጮህኩ።

«ኳሷስ?»

አሁን የምነግራችሁን ለራሔል እንዳትነግሩብኝ። ፊቴ ከልጅነቱ ጀምሮ በነፋስ፣ በበረዶ፣ በተሰበረ ጣት ኳስ ለቆ የማያውቅ ሰው ቆሟል። እኔ ግን «ኳሷን ተዋት! ሚስቴ ልትቀር ነው!» አልኩት።

ኳሷን አስቀመጣት። ቀስ አድርጎ፣ እንቁላል የሚያስቀምጥ ይመስል። ሁለት እጁን ዘርግቶ እስከ ጉልበታቸው ወረደ። ጋሽ ታደሰ «ተው፣ ተው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው ትከሻውን ይዘው አነሱት። «እኔም እንግሊዝ ስላልኩህ» አሉ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ «በጣም አዝናለሁ። ማንንም እንዲህ አልሰድብም።» ተቃቀፉ። አጨበጨብን፣ አንዷ እናት ከዳር እልል አለች።

እልልታው ሳያልቅ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ዞር ስንል ኳሷ መረቡ ውስጥ ናት። ለካ ከፖርትላንዶች ሁሉ ዕርቁን ያልከበበ አንድ አጥቂ ነበር፤ ከሁሉም ቀድሞ አሜሪካ የመጣ። ብቻውን መጥቶ፣ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ አስገባት። ካፒቴናቸው ፀጉሩን ያዘ።

«አንተ! ሰው እየታረቀ ጎል ይገባል? አሳዳጊ የለህም?»

«ዳኛው አላስቆመም እኮ!»

«ነውር አታውቅም? ሁለተኛ እንዳይለምድህ!» ብሎ ተቆጣውና ወደ እኛ ዞረ። «በጣም ይቅርታ፣ ወንድሞቼ። ጎሉ ግን ይቆጠራል።»

አንድ ለዜሮ! ምሳችንን በልተው፣ አመስግነው ሄዱ። በረኛ ሳይሆን ጎል የገባበት ሰው ከእኔ ሌላ ካለ አሳዩኝ። ዱንካን ዝናቡ ውስጥ ተቀምጦ ጣቶቹን ሲቆጥር አገኘሁት።

«በጭጋግ ገብቶብኛል» አለ። «በራሴ ተከላካይ ቂጥ ነጥሮ ገብቶብኛል። ይቅርታ እየጠየቅኩ ግን...» አልጨረሰውም። ሳቅ ያዘው፣ እኔንም ያዘኝ፤ ልባችን እስኪጠፋ ሳቅን።

ጋሽ ታደሰ ቅዳሜ ዴ ሞይን ሄዱ። የራሔል አባት እሺ አሉ፤ ሠርጋችን ላይም ዱንካን ጠማማ ጣቶቹን እያወዛወዘ እስክስታ ወረደ። የሚቀጥለው ዓመት ግጥሚያ ሲደርስ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጨዋታው ሳይጀመር ጓንቱን አወለቀ፣ ጋሽ ታደሰ ፊት ሄደ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ለምሰድብዎት ሁሉ ከወዲሁ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ ጋሽ ታደሰ። «በል አሁን ኳስህን ያዝ።»

ያን ቀን እንደ ልቡ ሲጮህ ዋለ፤ አንድም ጎል አልገባብንም። እኔም ትምህርቱን ለቤቴ ወሰድኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ከሥራ ስመለስ ገና በሩ ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጎንበስ እላለሁ።

«ደግሞ ምን አጠፋህ?» ትለኛለች ራሔል።

«ገና ነኝ።»