ድልድዩን የደበቅሁበት ቀን

የእኛ አገር ሰው ከድልድይ ጋር ፎቶ መነሳት አይችልም! አትሳቁ። አባይን በአውቶቡስ የተሻገራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ድልድዩ ጋ ሲደረስ ረዳቱ «ካሜራ ያላችሁ ክተቱ!» ይላል፣ ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ በመስኮት ያየናል፣ እኛም ካሜራ ሳይኖረን ላብ ያጠምቀናል። ያ ፍርሃት አብሮኝ ሎስ አንጀለስ ገባ... ከዚያም ጃፓን ድረስ ተከተለኝ። ቪዛ እንኳ አልተጠየቀም!

ልጄ ሊያ ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ ልታገባ ነው። ሶ፣ ከወላጆቹ ጋር ልታስተዋውቀኝ አገሩ ይዛኝ ሄደች። ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ሎስ አንጀለስ ካለው የሐበሻ ሰፈራችን ከፌርፋክስ ሲሸኙኝ፣ «ዋ! የልጅቷን ትዳር እንዳታበላሺ። ዝም ብለሽ ፈገግ በይ» ብለውኛል።

ፈገግ አልኩ። እስከ ምሳ ተሳካልኝ!

ከምሳ በኋላ የኬንጂ አባት፣ ጋሼ ሂሮሺ፣ ወንዝ ዳር ወሰዱን። (ምን ላድርግ፣ ሽበት ሳይ ጋሼ ማለት አይተወኝም።) ከወንዙ በላይ ቀስተ ደመና የመሰለ የብረት ድልድይ ተዘርግቷል፣ መኪናው በላዩ ይፈሳል።

«ማሚ፣ ብረቱን ከበየዱት አንዱ የኬንጂ አባት ነው» አለችኝ ሊያ። «ቤተሰብ የሚሆን ሰው ሁሉ እዚህ ፎቶ ይነሳል።»

ጋሼ ሂሮሺ ካሜራ ሲያወጡ እጄ ከእኔ ቀደመ። ነጠላዬን ገፍፌ ካሜራው ላይ!

«ክልክል ነው! ጋሼ፣ ይክተቱት!»

«ማሚ፣ ምን ሆነሻል?»

«ጠባቂው ሳያየን!»

«የምን ጠባቂ?!»

የጋሼ ሂሮሺ ፊት ጠቆረ። ለኬንጂ በጃፓንኛ አንድ ነገር አሉት፣ እሱም ለሊያ ነገራት። የልጄ ዓይኖች እንባ አቀረሩ። «ድልድዬን ካልወደደችው እኛንም አልወደደችንም ነው የሚለው...»

አያችሁ? ሠርጉ ወንዝ ሊገባ ነው!

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰውዬ ከድልድዩ ጫፍ ወደ እኛ መጣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ... ሁለት እጄን ወደ ላይ ሰቀልኩ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና እጁን ወደ ካሜራው ዘረጋ።

«አለቀልን! ሊቀማን ነው!»

«ማሚ፣ ላንሳችሁ ወይ ነው የሚለው!»

ሊያ እየሳቀችም እያለቀሰችም የአባይን ጠባቂ ጉዳይ በኬንጂ በኩል አስረዳች። ጋሼ ሂሮሺ ሰምተው ሲጨርሱ ጥርሳቸው ታየ። «ድልድይ በጠመንጃ የሚያስጠብቅ አገር! ሥራዬን እንዲህ የሚያከብር አማች ከየት ይገኛል?»

ተሰልፈን ተነሳን።

ፎቶው ሲደርሰኝ ለእትዬ ዘውዴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትክ ብለው አዩት።

«ሁሉም አምሮባቸዋል። ግን ድልድዩ የታለ? ነጠላሽን ከኋላችሁ ምን አስዘረጋሽ?»

ግራና ቀኝ ተገላመጥኩ።

«ቀስ ይበሉ እትዬ... ሰው ይሰማናል!»