ጥራዝ ሰማንያ ስምንትን የያዘው ሰውዬ

[በሰሜን እንግሊዝ የሚገኝ የጥንት መጻሕፍት ቤት፤ የንባብ ክፍሉ። ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ዶክተር ዊንስታንሊ ለአንድ ወር ምርምር አመልክቶ የመጣ ምሁር ነው። ኦግደን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሲያወጣና ሲያስገባ የኖረ፣ ነገሩን ሁሉ ቀስ አድርጎ የሚናገር የጠረጴዛ ሠራተኛ። ከሁለቱ በቀር ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም።]

ኦግደን፦ እስክሪብቶ አይቻልም ብያለሁ፣ ዶክተር። ቀለም ወረቀቱ ላይ ከፈሰሰ መመለሻ የለውም።

ዊንስታንሊ፦ እርሳሱ ተሰበረብኝ እኮ ነው የምልህ።

ኦግደን፦ ከጠዋት ጀምሮ አምስተኛው ነው። እርሳሱ ምን አደረገዎት?

ዊንስታንሊ፦ እርሳሱ ምን ያደርገኛል? የምጽፍለት ሰውዬ ነው እንጂ። እሱን ሳስበው እጄ ይከብዳል።

ኦግደን፦ እንግዲያው ለስለስ ያለ ነገር ይጻፉለት፤ እርሳስ እንቆጥባለን።

ዊንስታንሊ፦ ለስለስ? ስማኝ ኦግደን። እዚህ የመጣሁት ለአንድ ጥራዝ ብዬ ነው፤ ለጥራዝ ሰማንያ ስምንት። የተሰጠኝ አንድ ወር ነው፤ ወሩ ዛሬ ያልቃል። በአሥራ አንድ ሰዓት ባቡር እሳፈራለሁ። ለመሆኑ ጥራዙን በዓይኔ አይቼዋለሁ?

ኦግደን፦ አላዩትም።

ዊንስታንሊ፦ ለምን አላየሁትም?

ኦግደን፦ በአንባቢ ስም ተይዟል።

ዊንስታንሊ፦ በማን ስም?

ኦግደን፦ የአንባቢ ስም አይነገርም። ደንብ ነው።

ዊንስታንሊ፦ ይኸው ነው። በየቀኑ ነጩን ወረቀት እሞላለሁ፣ በየቀኑ ተይዟል ትለኛለህ።

ኦግደን፦ በየቀኑ ነጩን ይሞላሉ፣ በየቀኑ ተይዟል እልዎታለሁ። ይሄ እውነት ነው። ስለ ቢጫው ወረቀት ግን...

ዊንስታንሊ፦ ስለ ቀለም አታውራኝ። አርባ ቤተ መጻሕፍት ዞሬያለሁ፤ ቅጽ አሞላል ከአንተ አልማርም።

ኦግደን፦ የመጀመሪያው ቀንም እንዲሁ ነው ያሉኝ።

ዊንስታንሊ፦ ዛሬም ያንኑ ነው የምልህ። በአሥር ሰዓት ለዳይሬክተሯ "ከጥራዙ ምን አገኘሁ" የሚል ሪፖርት ማስገባት አለብኝ። ግልባጩ ለዩኒቨርሲቲዬ ይሄዳል። ሪፖርቱ ባዶ ከሆነ ፕሮፌሰርነቱ ለብሪግስ ይሰጣል። ብሪግስን ታውቀዋለህ?

ኦግደን፦ አላውቀውም።

ዊንስታንሊ፦ ማንም አያውቀውም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ኦግደን፦ ጥራዙ ውስጥ ያለው እኮ የሁለት ቄሶች ስድብ ነው፤ ያውም ስማቸውን ሳይጽፉ የተላላኩት።

ዊንስታንሊ፦ እኮ፣ ስም አልባ ደብዳቤ ነዋ! ሙያዬ እሱ ነው። አንድ ስም አልባ ደብዳቤ ስጠኝ፤ ሦስት መስመር አንብቤ ጸሐፊውን፣ ዕድሜውን፣ ምሳ ምን እንደበላ እነግርሃለሁ።

ኦግደን፦ እኔ ምሳ ምን በላሁ?

ዊንስታንሊ፦ አንተ ደብዳቤ መቼ ጻፍክልኝ?

ኦግደን፦ አይብ በዳቦ ነው። ዓርብ ዓርብ አይብ በዳቦ ነው የምበላው።

ዊንስታንሊ፦ ይልቅ ጥራዙን ከያዘው ከዚያ ጉደኛ ለደብዳቤዬ መልስ መጥቷል?

ኦግደን፦ ሳጥንዎ ውስጥ ነበር። ይኸውልዎ። [በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ይሰጠዋል።]

ዊንስታንሊ፦ [ያነባል] "ክቡር ሆይ፣ ቤተ መጻሕፍት የአባትህ ጓዳ አይደለም። የያዝከውን ጥራዝ ልቀቅ።" አየኸው ይህን ዓይን አውጣ? መጽሐፌን ታቅፎ ተቀምጦ እኔን ያዝክ ይለኛል። እኔ ምን ይዣለሁ? የተሰበረ እርሳስ ነው የያዝኩት።

ኦግደን፦ እርስዎ ትናንት ምን ብለው ነበር የጻፉለት?

ዊንስታንሊ፦ ትናንት? "ቤተ መጻሕፍት የአባትህ ጓዳ አይደለም" ብዬ... ቆይ ቆይ። አየህ ስርቆቱን? የራሴን አነጋገር ሰርቆ መልሶ እኔኑ ይሰድብበታል።

ኦግደን፦ ቃል በቃል ነው።

ዊንስታንሊ፦ የራሱ ሐሳብ የሌለው ሰው እንዲህ ነው። አንተስ ስትገለብጠው የምትጨምርበት ነገር የለም?

ኦግደን፦ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልጨምርም። የእጅ ጽሑፍ ሰው ያሳብቃል ስለሚባል በታይፕ እገለብጥና ከአንባቢው ሳጥን እከታለሁ። በአንድ ጣት ነው የምመታው። በዚህ ወር ጣቴ አብጧል።

ዊንስታንሊ፦ አይዞህ፣ ሳልሄድ አጋልጠዋለሁ። አጻጻፉን አንድ ወር ሙሉ አጥንቼዋለሁ። ሰውዬው ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ራሰ በራ ነው።

ኦግደን፦ [የዊንስታንሊን ራስ አየት አድርጎ] ጠርዝ ጠርዙ ላይ ትንሽ አለው።

ዊንስታንሊ፦ ጨጓራ አለበት።

ኦግደን፦ ከሻይ በፊት ነጭ እንክብል ይውጣል።

ዊንስታንሊ፦ ታዲያ ታየዋለህ ማለት ነዋ! የት ነው የሚቀመጠው?

ኦግደን፦ ደንቡ...

ዊንስታንሊ፦ ደንቡን ተወው፣ ስሙን አልጠየቅሁህም። በሩ ጋ ነው?

ኦግደን፦ መስኮቱ ጋ።

ዊንስታንሊ፦ መስኮቱ ጋ የምቀመጠውማ እኔ ነኝ። እኔ ስወጣ ጠብቆ ነው የሚገባው፤ ፈሪ። ሲያነብ ድምፅ ያሰማል?

ኦግደን፦ ይቃትታል። ገጽ በገለበጠ ቁጥር ይቃትታል። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ታሞ መስሏት ውሃ አመጣችለት።

ዊንስታንሊ፦ ሌላውን የሚረብሽ ባለጌ መሆኑን ከመጀመሪያው ደብዳቤው ጀምሮ አውቄዋለሁ። ሚስቱም ይህን አንድ ወር ተገላግላ በደስታ ነው ያሳለፈችው፣ እመነኝ። ትምህርት ላይም እምብዛም ነው።

ኦግደን፦ ዶክተር ነው ይባላል።

ዊንስታንሊ፦ ማን ነው ዶክትሬት የሰጠው?

ኦግደን፦ እኔም አንዳንዴ ይገርመኛል።

ዊንስታንሊ፦ አንዳንዴ ታስባለህ ለካ።

ኦግደን፦ እንዳልረሳው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ሻይ ላይ የፈረሙልኝ ወረቀት ሰመረልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዊንስታንሊ፦ የቱ ወረቀት? እኔ ለስንቱ እፈርማለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምፈርመው። የማነበው የሞተ ሰው ጽሑፍ ነው፤ በቁሙ ላለ ሰው ወረቀት ጊዜ የለኝም።

ኦግደን፦ እንግዲያው ይቺንም ይፈርሙልኝ። የመሰናበቻ ወረቀት ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረቃዬ ያልቃል።

ዊንስታንሊ፦ አምጣት። [ሳያይ ይፈርማል፤ የጀመረውን ደብዳቤም ይቀጥላል] "አንተ ኅሊና ቢስ..." ኅሊና ቢስ ይበቃዋል? ወይስ ሌላ ልጨምርበት?

ኦግደን፦ [ማኅተም እየመታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል] "ጥራዝ ሰማንያ ስምንት ዛሬ ተለቋል።"

ዊንስታንሊ፦ [ብድግ ብሎ] ለቀቀው? ደብዳቤዬ አንበረከከው ማለት ነው?

ኦግደን፦ ለቋል። ፈርሟል።

ዊንስታንሊ፦ ብዬህ አልነበረም? ብዕር እንዲህ ነው። በል አምጣልኝ፣ አንድ ሰዓት ተኩል አለኝ። ቆይ፣ ቆይ፤ ስሙ አለበት አይደል? አሳየኝ እስቲ የዚያን ሌባ ፊርማ። [ወረቀቱን ነጥቆ ያያል። ገልብጦ ያያል። መልሶ ያያል።] ይሄ የኔ ፊርማ ነው።

ኦግደን፦ አሁን ነው የፈረሙት።

ዊንስታንሊ፦ በኔ ስም ነው የተያዘው?

ኦግደን፦ ለዚህ ምርምር ሲያመለክቱ "የሚያስፈልጉኝ ጥራዞች" የሚል ቦታ ላይ ሰማንያ ስምንት ብለው ሁለት ጊዜ አስምረውበት ነበር። ሳይመጡ በስምዎ ያዝንልዎት። ነጩ ወረቀት አዲስ ለመጠየቅ ነው፤ የተያዘውን የሚያወጣው ቢጫው ነው።

ዊንስታንሊ፦ ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?

ኦግደን፦ የአንባቢ ስም ለሌላ አንባቢ አይነገርም።

ዊንስታንሊ፦ እኔ ሌላ አንባቢ ነኝ?

ኦግደን፦ እሱን አስቤበታለሁ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ አስቤበታለሁ። ግን ለራሱ ይነገራል የሚልም ደንብ ፈልጌ አጣሁ። ቢጫውን ልንገርዎ ስል ደግሞ ስለ ቀለም አታውራኝ ይሉኛል።

ዊንስታንሊ፦ [ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል] ደብዳቤዎቹስ?

ኦግደን፦ አርባ አንዱም ደርሰዋል።

ዊንስታንሊ፦ ለማን?

ኦግደን፦ ጥራዙን ለያዘው ሰው።

ዊንስታንሊ፦ ለራሰ በራው።

ኦግደን፦ ጨጓራ ላለበት።

ዊንስታንሊ፦ ዶክትሬቱን ማን ሰጠው ላልኩት። [ይቃትታል] ኦግደን፣ አፍሬያለሁ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ብሪግስ ፕሮፌሰር ሊሆን ነው።

ኦግደን፦ ሪፖርቱ ላይ "ስም አልባውን ጸሐፊ አገኘሁት" ብለው ይጻፉ። ውሸት የለበትም።

ዊንስታንሊ፦ አይሆንም። ገና አንድ ሰዓት ከምናምን አለኝ። ቢጫውን ስጠኝ። [በጥድፊያ ይሞላል] ይኸው። ሰማንያ ስምንት።

ኦግደን፦ [ወረቀቱን አንብቦ] ተይዟል።

ዊንስታንሊ፦ በማን ስም?

ኦግደን፦ እርስዎ ሲለቁ ለተረኛው አለፈ።

[የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ይመታል። ኦግደን ግራጫ የሥራ ጋዋኑን አውልቆ ይሰቅላል። እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ አንድ ወፍራም ጥራዝ ከመደርደሪያው ያወርዳል። ጠረጴዛውን ዞሮ መስኮቱ ጋ ሄዶ ይቀመጣል።]

ዊንስታንሊ፦ ያ ወንበሬ ነው። ምን እያደረግህ ነው?

ኦግደን፦ የሚቀጥለው ወር ተመራማሪ እኔ ነኝ። የራሴን ስም እንዳልናገር የሚከለክል ደንብ የለም፣ አይቻለሁ። እነዚያን አርባ አንድ ደብዳቤዎች ከዚህ ጥራዝ ጋር እያመሳከርኩ፣ ሰው ከራሱ ጋር በጽሑፍ ሲጣላ ምን እንደሚመስል ላጠና ነው። ዳይሬክተሯ ሐሳቡን ወዳዋለች። የድጋፍ ደብዳቤው ላይ ደግሞ ትልቅ ሰው ነው የፈረመልኝ።

ዊንስታንሊ፦ ማን?

ኦግደን፦ የሌላ ሰው ስም አይነገርም።

ዊንስታንሊ፦ [ቀስ ብሎ] ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈርም ሰው ነው?

ኦግደን፦ ይኸው፣ ሦስት መስመር እንኳ አልፈጀብዎትም።

ዊንስታንሊ፦ ኦግደን፣ ወንድሜ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ። እባክህ። ቆሜ ነው የማነበው።

ኦግደን፦ [ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ] የንባብ ክፍል ነው፣ ዶክተር። ጥራዙን ለያዘው ሰው የሚሉት ካለ በጽሑፍ ያድርጉት። [አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ያቀብለዋል] ይህ ስድስተኛው ነው፤ ቀስ አድርገው ይያዙት።