መሪው ይውረድ!

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ዋሾ ነው! መኪናህ እንዴት ናት ብላችሁ ጠይቁት። «ኧረ እንደ ሰዓት!» ይላችኋል፤ ሰፈርተኛው ከኋላ እየገፋለት። በሃምሳዎቹ ዓመታት እኔም ከእነዚህ ዋሾዎች አንዱ ነበርኩ። መኪናዬ ስንቱን ጌታ ያፈራረቀች ጣሊያን ሠራሽ አሮጊት ነበረች፤ እኔም ብሆን ያን ያህል አዲስ አልነበርኩም።

ታዲያ አንድ ሰሞን መሪዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀስ ስል ደህና ነው። ትንሽ ፈጠን ካልኩ ግን... እጄ፣ ጉንጬ፣ ባርኔጣዬ፣ ሁሉም በየፊናው እስክስታ! ባለቤቴን ባማክራት፣ «የሚንቀጠቀጠው መሪው ሳይሆን እጅህ ነው፤ አረቄውን ቀንስ» አለችኝ። ምርመራዋን ስላልወደድኩት መኪናዬን እየነዳሁ መካኒክ ፍለጋ ወጣሁ።

መካኒሳ፣ ከአንድ ጠላ ቤት ጎን፣ በቀለ የሚባል መካኒክ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ጆሮው ስለደነቆረ ካልጮኹለት አይሰማም። እኔም ጮህኩ።

«መሪው እየተንቀጠቀጠ ነው!»

«አርጅቶ ይሆናላ፣ ጋሼ!»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ይውረድ! ሌላ እንተካለን!»

«በቀላሉ ይወርዳል?»

«ምን ችግር አለ! ከተባበርን ዛሬውኑ ይወርዳል!»

ጠላ ቤቱ ውስጥ የሰው ሁሉ ጣሳ አፉ ላይ ቀረ። ዘመኑን የማታውቁ ልጆች ትስቁ ይሆናል፤ ያኔ ግን ስለ «መሪ» መውረድ ያወራ ሰው ጣቢያ ይገባል፤ መቼ እንደሚወጣ ጣቢያውም አያውቅም። ከጥግ የተነሡት ደግሞ ማን መሰሏችሁ? የሰፈሩን ግብርም ወሬም የሚሰበስቡት ጭቃ ሹም!

«ማነው የሚወርደው?»

«የመኪናዬ መሪ ነው፣ ጌታዬ!»

«ሰሙን ለልጆችህ ንገር። ወርቁን እኔ ፈትቼዋለሁ። ቅደም ወደ ጣቢያ!»

ምስክር እንዲሆነኝ ወደ በቀለ ዞር ብል፣ ጆሮው ይባስ ደንቁሯል። እኔ ጀግናው ምን አደረግሁ? እግራቸው ላይ ተደፋሁ! እንደተደፋሁ ዓይኔ የፊት ጎማው ውስጥ ገባ... ምን ልይ! ለቡ መንደር ለቅሶ ደርሼ ስመለስ የገባሁበት የዋልካ ጭቃ፣ ቸርኬው ላይ በአንድ ወገን ተጋግሮ፣ ደርቆ፣ ድንጋይ ሆኗል! ጎማው በአንድ ጎን ከብዶ ሲሽከረከር መሪውን የሚያርገፈግፈው ለካ እሱ ነው። ደስታ አቅሌን አሳተኝና ከተደፋሁበት ሳልነሣ ጮህኩ፦

«መሪው ደህና ነው! የሚያንቀጠቅጠው ከሥር የተለጠፈው ጭቃ ነው!»

ጠላ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የጭቃ ሹሙ ፊት ጠቆረ።

«ጭቃው እኔ ነኝ?»

«ኧረ እርስዎስ ሹሙ ነዎት! ጭቃው ይኸውና!»

በብረት ፈንቅዬ አሳየኋቸው። አላመኑም። «ንዳና እንይ» ብለው አጠገቤ ገቡ። ወደ ሀና ማርያም አቅጣጫ ሽምጥ ለቀቅኳት። እጃቸውን መሪው ላይ አሳርፈው እንደ ሐኪም አዳመጡ። ምንም! ፊታቸው እንደ ሕፃን በራ፤ ለካ መኪና ውስጥ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ኖሯል። ስንመለስ፣ ሕዝቡ መታሰሬን ሊያይ ጠላ ቤቱ ደጃፍ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። እሳቸው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው አወጁ፦

«ስማ፣ ሕዝብ! መሪው እንከን የለውም! ጥፋቱ የጭቃው ነው! ጭቃው ሲነሣ ሁሉም ሰላም ሆኗል!»

ሕዝቡ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። አንዱማ አጨበጨበ።

«ምን ያስቃቸዋል?» አሉኝ።

ሹም በገዛ አፉ፣ በአደባባይ፣ ጥፋቱን ሲያምን አይተው ስለማያውቁ ነው ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር... ግን ጣቢያው እዚያው መንገድ ዳር ነው።

«ደስ ብሏቸው ነው፣ ጌታዬ» ብዬ ማርሽ ቀየርኩ።