የመቶ አሥራ ሁለት ቤት ተጠሪ

ሁለት ሰዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ካያችሁ፣ ሦስተኛው አጠገባቸው መቆሙ አይቀርም። አይቆፍርም፤ አፈርም አያወጣም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ጉድጓዱ መጣመሙን ይነግራቸዋል። ያለ ዳኛ የኖረ አገር ይኖር እንደሆነ እንጃ፤ ያለ እንዲህ ያለ ሰው የኖረ ሰፈር ግን በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜዬ አላየሁም። የሾመው የለም፣ የሚሽረውም የለም። የሁሉ ሥራ ካቦ ነው።

የኛ ሰፈር ክቡር ካቦ አያ የሻው ነው። በሦስት ዓመት ስለሚበልጠኝ እኔ "አያ" እለዋለሁ፤ እሱ እኔን "አንተ ልጅ" ይለኛል። "ቆይማ! እሱ እንዲያ አይደለም!" ከምትለው ቃሉ ያመለጠ ሥራ በሰፈራችን የለም።

ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲመለስ ካየ መንገድ መሐል ገብቶ "ና! ና! ና! ብዙ ቦታ አለህ!" ይላል። ባለፈው ዓመት ከማራኪ ሰፈር የመጣች አንዷን እንዲህ እየጠራ ከግንብ አጥር ጋር አገናኛት። ሹፌሩ ወርዶ ራሱን ሲይዝ፣ ክቡርነቱ የተሰበረውን መብራት ጎንበስ ብሎ መረመረና "እንዲህ ያለው መብራት ድሮም አይበረክትም" አለው።

ጥርሴን ያመመኝ ጊዜ "ብቻህን አትሄድም" ብሎ ተከተለኝ። ሐኪሟ ጉጠቷን ስታነሳ ከበስተኋላዋ "ቆይማ! እሱ አይደለም፤ ቀጥሎ ያለው ነው" አላት።

"አባባ፣ ጥርሱ የእርስዎ ነው?" አለችው።

"የኔ ቢሆንማ እስካሁን ነቅዬው ነበር።"

እኔ አፌ ተከፍቶ ስለነበር ፍርዱን በዝምታ ጠበቅሁ።

የጎረቤት አህያ ስትወልድም ከራስጌዋ ቆሞ ሲያዛት ውሏል። አህያዋ በሰላም ወለደች። እስከ ዛሬ "በኔ ነው" ይላል።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬአለሁ። ያልቻልኩት ኮምፒውተር የጀመርኩ ጊዜ ነው። አርባ ዓመት አናጢ ነበርኩ። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጋዜን ሰቀልኩ፤ ጓሮ ክፍሌን ተከራይታ የነበረች ሕሊና የምትባል ተማሪ ስትመረቅ ትታው ከሄደችው መጽሐፍና አሮጌ ኮምፒውተር፣ ፕሮግራም መጻፍ ለብቻዬ ተማርኩ። ያን ጊዜ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር።

እድራችን ደግሞ ተቸግሮ ነበር። በየጓሮው ቤት እየተሠራ ሰፈሩ ተቆላለፈ። ሰው ሲሞት ድንኳን ተሸካሚዎቹ የሐዘኑን ቤት ፍለጋ ሲዞሩ ይውላሉ። አንድ ጊዜማ የልቅሶው ድንኳን ሙሽራ ቤት ተተክሎ ተገኘ። እኔም ተነሥቼ "ካርታውን በኮምፒውተር እሠራለሁ" አልኩ። መቶ አሥራ ሁለቱ ቤት እያንዳንዱ አንድ ቅርጽ ሆኖ ይሣላል፤ የባለቤቱ ስም በላዩ ይጻፋል። ቅርጹ ላይ ጠቅ ሲደረግ ሳጥን ይከፈትና አንድ ነገር ይጠይቃል፦ "በዚህ ቤት ክፉ ቢደርስ መጀመሪያ ማን ይጠራ?" መልሱ ይጻፋል፣ ይቀመጣል።

የእድሩ ዳኛ መሪጌታ ዕንባቆም ብራና ላይ ያልሰፈረ ነገር አያምኑም። "ይሁን" አሉ፤ "ነገር ግን በሚመጣው ጉባኤ በሁሉ ፊት ይታያል። ከሠራ መዝገባችን ይረፍ። ካልሠራ አናጢው ወደ እንጨቱ ይመለስ።"

ሰው ሳቀ። ለእኔ ግን የሳቅ ነገር አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ ሚስት አግብቼ ልጅ ወልጄ ነው። "ይሄ ምን ገባው" መባልን ስሸሽ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ያን ቀን በሁሉ ፊት ብወድቅ ዳግመኛ እንደማልነሣ አውቀዋለሁ።

ሥራውን በጀመርኩ በማግስቱ አያ የሻው በርጩማ ይዞ መጣና ከጀርባዬ ተቀመጠ።

"ይቺ የማን ናት?"

"ያንተ ናት፣ አያ።"

"ምነው ጠበበች?"

"ሁሉም እኩል ነው።"

"ቆይማ! የእናኑ ቤት ይኸው ትሰፋለች።" በርበሬ የነካ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። "ደግሞ በሩ የት አለ? ሰው በምን ይገባል?"

"በማውስ።"

"በዚች? እኔ በዚች ልገባ?"

ለሰላም ብዬ ለእሱ ቤት በር ሣልኩለት። ወሬው ወጣ፤ በማግስቱ አሥራ ሰባት ሰው በር ጠየቀኝ። አንዷ መስኮትም አማራት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቅዳሴ መልስ አባወራውና እማወራው ቤቴ እየመጣ ቃሉን ሰጠ። ባሏ የሞተባት እናኑ "አይከል ከተማ ያለው ወንድሜ ይጠራ" አለች። መሪጌታ ተማሪያቸውን ባምላክን አስጻፉ። እኔም ለራሴ ቤት ባሕር ዳር ያለችውን ልጄን ትዕግስትን ጻፍኩ። እያንዳንዱን ከጻፍኩ በኋላ መልሼ ጠቅ አደርጋለሁ፤ የጻፍኩት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ተመስገን እላለሁ፤ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

የመጨረሻው አያ የሻው ነበር። "የኔን በገዛ እጄ" አለ። ፊደሉን እንደ ጠፋ በግ ዙሪያውን እየፈለገ፣ በአንድ ጣት፣ "የሻው" ብሎ ጻፈ።

"አያ፣ ይሄ እኮ ያንተው ቤት ነው። ክፉው የደረሰው ባንተ ቢሆንስ?"

"እኔው እጠራለሁ።"

"ሞተህ?"

"እኔ ከሌለሁ ድንኳኑን ማን ያቃናዋል? አንተ ልጅ?"

እሱው ራሱ ጠቅ አድርጎ አስቀመጠው።

የጉባኤው ቀን ካርታዬ በእድሩ አዳራሽ ነጭ ግድግዳ ላይ በራ። ሰው "ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው" ሲል ልቤ ሞላ። ደረቴን ነፍቼ የእናኑን ቤት ጠቅ አደረግሁ። ሳጥኑ ተከፈተ። "የሻው" ይላል።

"ውይ፣ ወንድሜን ምን አደረግኸው?" አለች እናኑ።

የእጄ መንቀጥቀጥ መስሎኝ የመሪጌታን ቤት ጠቅ አደረግሁ። የሻው። የቀጣዩን። የሻው። የራሴን ቤት ከፈትኩ፤ እዚያም ልጄን አስወጥቶ የሻው ተቀምጧል። ከኋላ አወቀ፣ ያ ወፍጮ ያለው ቀልደኛ፣ "ጎበዝ! ሰውዬው መቶ አሥራ ሁለት ቤት ወረሰ!" ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አናጢ ነኝና በአናጢ ቋንቋ ልናገር፦ መቶ አሥራ ሁለት በር ሠርቼ፣ ከሁሉም በር ጀርባ ያኖርኩት አንዲት መሳቢያ ነው። አዲስ የገባው መልስ የፊተኛውን እያስወጣ ይቀመጣል። እኔ የጻፍኩትን ወዲያው መልሼ ስለማይ እዚያው አገኘዋለሁ፤ የትናንቱ መውጣቱን አላየሁም። ሁሉን አስወጥቶ መጨረሻ የገባው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መሪጌታ ተነሡ። "እንግዲህ…" ብለው እጃቸውን ወደ አሮጌው መዝገብ ሰደዱ።  መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

"ቆይማ!"

አለቀልኝ አልኩ። ሌላው ቢስቅብኝ ዝም ብዬ እወጣ ነበር፤ እሱ ግን መሳቢያው እንዴት መሠራት እንደነበረበት በሁሉ ፊት ሊያስተምረኝ ነው።

"ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?" አለ አያ የሻው።

"በሁሉም ቤት የወጣው ያንተ ስም ነዋ" አሉ መሪጌታ።

"ታዲያሳ? እናኑ፣ ባልሽ ያረፈ ዕለት ማን ቀድሞ ደረሰ?"

"አንተ ነህ።"

"ወንድምሽስ?"

"በማግስቱ። መኪና አጥቶ ነው።"

"አወቀ፣ አንተ የምትስቀው፣ ወፍጮ ቤትህ ሲቃጠል?"

"አንተ መጣህ" አለ አወቀ፤ "ውሃውን በዚህ አይደለም በዚያ ድፉ እያልክም አተራመስከን።"

"ጠፋ አልጠፋም?"

"…ጠፋ።"

"እርስዎስ፣ መሪጌታ? እናትዎ ያረፉ ዕለት?"

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። "እውነት ነው፤ ገና ሳይገነዙ ደርሰህ ነበር። ቆፋሪዎቹንም አጣልተህ መቃብሩን አጣመምከው።"

"አቀናሁት እንጂ!"

አሁን የሳቀ አልነበረም። ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር፤ እያንዳንዱ የገዛ ቤቱን ክፉ ቀን እያስታወሰ መሆን አለበት። አያ የሻው እኔን ሊያድነኝ የተነሣ እንዳይመስላችሁ። ስሙ ስህተት መባሉ ከንክኖት ነው። "እዚህ ቤት እውነቱን የተናገረ ይሄ ማሽን ብቻ ነው" አለና ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የበራው ሥዕል ወደ ግራ ማዘንበሉን ተናገረ።

መሪጌታ መዝገቡን ሳይከፍቱ መልሰው አኖሩት። "እስከሚመጣው ወር ይታረም" አሉ።

በሳምንቱ ለየቤቱ የየራሱን መሳቢያ ሠራሁለት። ሰው እንደገና ቃሉን ሊሰጥ መጣ። እናኑ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ "አይከል ያለው…" አለችና ሳትጨርስ ከወንበሩ ተነሣች። "ተወው በቃ፣ ያው የነበረው ይሁን።" አወቀም "ያው ይሁን፤ ውሃ ላይ ግን አይዘዝ" አለ። መሪጌታ ራሳቸው አልመጡም፤ "ባለበት ይቆይ" ብለው ላኩብኝ። ከመቶ አሥራ ሁለቱ ቤት ሰባ አራቱ ያው ይሁን አለ። ፕሮግራሙ ጸደቀ፤ መዝገቡም ሣጥን ገባ። አያ የሻው በገዛ ቤቱ ነገር አቋሙን አልለወጠም፤ እኔም አልተከራከርኩትም።

የቀረው የኔ ቤት ነበር። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብዬ ለትዕግስት ደወልኩላት።

"ስሜን አውጥተህ የሱን አስገባህ? አባዬ፣ ያ ሰውዬ አያናድድህም እንዴ?"

"ያናድደኛል። በየቀኑ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ፣ በሕይወት እስካለሁ ስከራከረው እኖራለሁ" አልኳት። "ያን ቀን ግን እኔ መልስ አልሰጥም። አንድ ቀን እንኳ እንደ ልቡ ይዘዝ።"