የአየር ፊልትሮና የጀዋሂር እጮኝነት በነቀብ ዳገት ላይ

በደቡብ ዮርዳኖስ የቁወይራ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ መስከረም 12፣ ከቀትር ሶላት በኋላ

ቦታ፦ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ በሊቀመንበሩ መኪና ጥላ ሥር (የጽሕፈት ቤቱ ቁልፍ እዚያው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ስለተቆለፈበት)

የተገኙ፦
1. ሐጅ ነዋፍ፣ ሊቀመንበር፣ የሙሽራዋ የጀዋሂር አባት
2. አቡ ሰጣም፣ ገንዘብ ያዥ፣ የሙሽራው የሰጣም አባት
3. ኡም ጃሲር፣ አባል፣ ሁለቱን ልጆች ያገናኙ አማላጅ
4. ዐውዳ፣ ጸሐፊ፣ የሁሉም ጎረቤት

ያልተገኙ፦ አቡ ፈያድ፣ ዐቀባ ወደብ ወረፋ ይዘው

ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰጣም አባል ባይሆንም የአባቱን መኪና የሚነዳ በመሆኑ ከጋቢናው ሳይወርድ እንዲያዳምጥ ተፈቅዶለታል።

አጀንዳ 1፦ ማኅበሩ ለሁሉም መኪኖች በጋራ የሚገዛውን የአየር ፊልትሮ ስለ መምረጥ

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ሲከፍቱ ናፍጣው አባላቱን እየበላቸው መሆኑን ገልጸው፣ መፍትሔው እሳቸው የሚጠቀሙበት የወረቀት ፊልትሮ እንደሆነ አስረድተዋል። አቧራ ሲይዘው በኮምፕሬሰር ነፋ አድርጎ መልሶ መግጠም ብቻ ነው ብለዋል። ስንት ጊዜ ተነፍቶ እንደሚገጠም ሲጠየቁ፣ "እስኪያረጅ" ሲሉ መልሰዋል።

ገንዘብ ያዡ በበኩላቸው የአክስታቸው ልጅ ከዐማን የላከላቸውን፣ በዘይት የሚነከርና የሚታጠብ የጥጥ ፊልትሮ ከፌስታል አውጥተው ለጉባኤው አሳይተዋል። "ሞተር እንደ ሰው ነው፤ አየር ካጣ ይታፈናል። ሲታፈን ናፍጣውን ሳያቃጥል ጭስ አድርጎ ይተፋዋል። ይሄ ግን እንደ ልቡ ያስተነፍሰዋል" ብለዋል።

ሊቀመንበሩ ፊልትሮውን ወደ ፀሐይ አንሥተው ካዩት በኋላ፣ "አቡ ሰጣም፣ ይሄ እኮ የሻይ ማጥለያ ነው። ፀሐይዋን አየኋት" ብለዋል።

ገንዘብ ያዡ፣ "ያንተ መኪና ዳገት ስትወጣ ዳቦ ቤት የተቃጠለ ነው የሚመስለው። ከኋላህ የሚነዳ ሰው መብራት አብርቶ ነው በቀትር የሚሄደው" ሲሉ መልሰዋል።

ሊቀመንበሩ ጭስ የጉልበት ምልክት መሆኑን አስረድተዋል።

ገንዘብ ያዡ፣ "እንዲህ ባለ ጭስ ውስጥ ያደገች ልጅ ደግሞ..." ብለው አቁመዋል። ዓረፍተ ነገሩ ስላልተጠናቀቀ ጸሐፊው ሳይመዘግበው ሊያልፍ ሲል ሊቀመንበሩ እንዲመዘገብ፣ ኡም ጃሲር እንዲረሳ፣ ገንዘብ ያዡም ጊዜ ተሰጥቷቸው እንዲጨርሱት ጠይቀዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ሳይጠናቀቅ እንዲመዘገብ ተወስኗል።

ኡም ጃሲር ተነሥተው፣ "እናንተ ሽማግሌዎች፣ ሰርጉ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። በጉ ታስሯል፣ ድንኳኑ ተነግሯል። በጨርቅና በወረቀት ነው እንዴ ቤት የምታፈርሱት?" ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

ውሳኔ 1፦ የሊቀመንበሩና የገንዘብ ያዡ መኪኖች ዛሬ ወደ ማዓን የሚወስዱት እኩል የገብስ ጭነት ስላላቸው፣ እዚህ ናፍጣ እስከ አፋቸው ሞልተው የነቀብን ዳገት እንዲወጡ፣ ዳገቱ ጫፍ ባለው ማደያ እንደገና ሲሞሉ ትንሽ የጠጣው መኪና ፊልትሮ ለማኅበሩ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ሊቀመንበሩ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ የጀዋሂርና የሰጣም እጮኝነት ታግዶ እንዲቆይ ሐሳብ አቅርበዋል። "ሞተሩን አሸዋ የሚያበላ ቤተሰብ ልጄን ምን እንደሚያበላት ማወቅ አለብኝ" ብለዋል። ገንዘብ ያዡ ይቃወማሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ "እግዱን የምጠይቅህስ እኔ ነኝ እንጂ!" ብለው ከሊቀመንበሩ ቀድመው እጃቸውን አውጥተዋል።

ውሳኔ 2፦ እጮኝነቱ በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ታግዷል። ጸሐፊው ከሁለቱም ወገን ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ድምፅ ከመስጠት ተቆጥቧል። ሰጣም ከጋቢናው፣ "አባቴ..." ብሎ የጀመረው አባል ባለመሆኑ አልተደመጠም።

ስብሰባው ከተዘጋ ምልዓተ ጉባኤ እንደገና መጥራት ስለሚያስቸግር፣ ሳይዘጋ በጉዞ ላይ እንዲቀጥል ተደርጓል። በሊቀመንበሩ ጋቢና ኡም ጃሲርና ጸሐፊው፣ በሁለተኛው ጋቢና ገንዘብ ያዡና ሰጣም ተሳፍረው፣ ጉባኤው በተከፈተ ስልክ ተገናኝቷል። ኔትወርክ በጠፋባቸው ጠመዝማዛዎች የተባለው ነገር በዚህ ቃለ ጉባኤ የለም።

ዳገቱ ሲጀምር የሊቀመንበሩ መኪና መጨስ ጀመረች። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስትደርስ ማቃሰት ጨመረች። ሊቀመንበሩ ናፍጣ ለመቆጠብ በማሰብ ማቀዝቀዣውን አጠፉ፤ ቀጥሎም አባላት ወሬ እንዲቀንሱ አዘዙ።

ኡም ጃሲር በመሐረባቸው ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ነዋፍ፣ እኔ የምተነፍሰው ነው ሞተርህን አየር ያሳጣው?" ብለዋል።

የገንዘብ ያዡ መኪና ጎናቸውን ይዛ ያለ ጭንቀት ስታልፍ ገንዘብ ያዡ በመስኮት እጃቸውን አውለብልበዋል። ይህ ሰላምታ ነው ወይስ ስድብ በሚለው ላይ ከስምምነት አልተደረሰም።

ብዙም ሳይቆይ ከሜዳው የተነሣ የአሸዋ ነፋስ መንገዱን ሸፈነው። የሊቀመንበሩ መኪና ሁለት ጊዜ ተንገጫግጫ፣ በጣም ጥቁር ጭስ ተፍታ ቆመች። ሊቀመንበሩ ቁልፉን ደጋግመው ካዞሩ በኋላ ማረፍ ፈልጋ እንደሆነ ገልጸዋል።

በስልኩ የገንዘብ ያዡ ድምፅ ተሰማ፦ "አትቁም! ሰጣም፣ አትቁም እልሃለሁ! አሁን ከቆምክ የመነሻው ናፍጣ በእኛ ይቆጠራል!"

ሰጣም ቆመ። በአሸዋው ውስጥ ፊቱን በሻሹ ሸፍኖ ወደ ኋላ በእግሩ መጣ። ሊቀመንበሩ መስኮቱን በጥቂቱ ዝቅ አድርገው፣ "ምን ፈለግህ?" አሉት።

"አጎቴ፣ ዳገት ላይ የቆመ ሰው ይታለፋል እንዴ?"

 ሊቀመንበሩ በሩን ከፈቱ።

ሰጣም የፊልትሮውን ክዳን ሲፈታ የወረቀቱ እጥፋቶች ወደ ዐቀባ ወደብ በሚያመላልሱት የፎስፌት ማዕድን አቧራ ተሞልተው እንደ ሊጥ ተጋግረው ተገኙ። አንዱ ጎን ደግሞ በተደጋጋሚ መነፋት ተቀድዷል። ሰጣም አየር ስላጣች ናፍጣውን ሳታቃጥል እንደተፋችው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናግሯል። በዚህ ጊዜ የደረሱት ገንዘብ ያዡ ድል እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል።

"አባቴ፣ እንግዲያው የእኛንም እንየው" አለ ሰጣም።

"የእኛ ምን አለበት? የእኛ ትሄዳለች!"

ኡም ጃሲር፣ "ክፈተው ልጄ" ብለው አዘዋል። ሊቀመንበሩ እዚያው እያሉ የማዘዝ ሥልጣኑ የኡም ጃሲር አልነበረም፤ የተቃወመ ግን የለም።

የጥጥ ፊልትሮው ወጣ። ኡም ጃሲር ከፊልትሮው በስተ ውስጥ ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቧንቧ ጣታቸውን ሰድደው አወጡ። ጣታቸው በደቃቅ አሸዋ ተለብጧል። በገንዘብ ያዡ ነጭ ጀለቢያ ደረት ላይ ጠረጉት፤ ከዚያ፣ "ይኸው ቁጠባህ። ዛሬ ናፍጣ ታተርፋለህ፣ ነገ ሞተሩ ተሞርዶ እጥፉን ይጠጣልሃል" ብለዋል።

ስለዚህ የሊቀመንበሩ ፊልትሮ ሞተሩን አንቆ፣ የገንዘብ ያዡ ፊልትሮ ሞተሩን አሸዋ እያበላ መገኘታቸው ተረጋግጧል።  

በዚህ መሐል የሊቀመንበሩ ስልክ ጠራ። ጀዋሂር ነበረች። ነፋሱ ስለሚጮህ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተደርጎ ጉባኤው በሙሉ ሰምቷል።

"አባዬ፣ እውነት ነው እጅ አውጥታችሁ እጮኝነቴን አገዳችሁት?"

"ለጊዜው ነው፣ ልጄ። ውጤት እየጠበቅን ነው።"

"የምን ውጤት?"

"የፊልትሮ።"

ሙሽራዋ፣ "ለእኔ ማን ድምፅ ሰጠልኝ?" ስትል ጠየቀች።

ሊቀመንበሩ አባል አለመሆኗን ለማስረዳት ጀምረው ትተውታል። ኡም ጃሲር፣ "እኔ፣ የኔ ልጅ! ብቻዬን!" ብለው ጮኸዋል። ጸሐፊው አቀርቅሮ ይጽፍ ነበር።

"ሰጣም እዚያ አለ?"

ሊቀመንበሩ ስልኩን ለሰጣም ሰጥተዋል። ሰጣም ወደ ተሳቢው ኋላ ሄዶ የተናገረው ከጉባኤው ውጭ ስለሆነ አልተመዘገበም። ሲመለስ ዐይኑ አሸዋ የገባበት ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ይስቅ ነበር።

ነፋሱ ጋብ ሲል ሰጣም ከአባቱ መኪና ሰንሰለት አውጥቶ የሊቀመንበሩን መኪና አሰረ። ገንዘብ ያዡ አንድ መኪና የሁለት መኪና ሸክም ከጎተተች ናፍጣዋ እንደማይለካ አሳስበው፣ ያሳሰቡትን ሳይጨርሱ ሰንሰለቱን በሌላው ጫፍ ይዘው ማጥበቅ ጀምረዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአንድ ሰንሰለት ጋር ሲታገሉ፣ "ወደ አንተ ሳበው!" "የት ነው 'ወደ እኔ'?" ተባብለዋል። ይህ በማኅበሩ ታሪክ የመጀመሪያው የጋራ ሥራቸው ነው።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ማደያው ለመግሪብ ሶላት ተዘግቶ ነበር። አባላቱ ሰግደው ሲመለሱ ኡም ጃሲር ከፔርሙዝ ሻይ ቀድተው፣ ያልጠጣ ድምፅ እንደማይሰጥ አስታውቀዋል።

አጀንዳ 2 በሆነው የሰርጉ መኪኖች ጉዳይ ላይ ለመወያየት ሲታሰብ የታገደ ሰርግ መኪና እንደማያስፈልገው ጸሐፊው አስታውሷል። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ውሳኔ ታልፏል።

ውሳኔ 3፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ውሳኔ 1 እና ውሳኔ 2፣ የናፍጣ ፈተናው፣ በፈተናው የተገኘ ድልና ሽንፈት ሁሉ እንዳልነበሩ ይቆጠሩ፤ ማንም የፈለገውን ፊልትሮ ይግጠም፤ ስብሰባው ራሱም እንዳልተጠራ ይታሰብ የሚል ሐሳብ በኡም ጃሲር ቀርቧል።

ድምፅ ሲጠየቅ ሊቀመንበሩ ከሁሉም ቀድመው እጃቸውን አወጡ። ገንዘብ ያዡ ተከተሉ። በዚህኛው ጸሐፊውም አውጥቷል። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ የእጮኝነቱ እገዳም አብሮ ተነሥቷል።

ስብሰባው ከመግሪብ በኋላ፣ ጨለማ ሲይዝ ተዘግቷል። ሊቀመንበሩ ግን እጃቸውን አላወረዱም፤ ገብስ የተጫነውን መኪና የሚፈትሸውን ሰጣምን እያዩ እንዳወጡት ቀሩ። ኡም ጃሲር ክንዳቸውን ይዘው፣ "በቃ ነዋፍ፣ ተቆጥሯል" ብለው ቀስ አድርገው አወረዱላቸው።