ፍርሃቴን የኮረጀችው ሴት

በየክፍሉ አንድ ሥዕል የሚችል ልጅ ይመደባል። ማን እንደሚመድበው አላውቅም፤ ሁለት ሆኖ ግን አያውቅም። የሳይንስ አስተማሪዋ ልብን ሰሌዳው ላይ መሳል ሲኖርባት የምትጠራው እሱን ነው። የወላጆች ቀን ሲደርስ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን በአበባ የሚያጅበው እሱ ነው። ለፍቅር ደብዳቤ ጥግ ቀስት የተሰካበት ልብ የፈለገም ደጅ የሚጠናው እሱን ነው። የቀረነው ስልሳ ምናምን ልጆች ግን በቃ «ሥዕል የማይችሉ» ተብለን እንቀራለን፤ ይግባኝ የለውም። አድጋችሁ፣ አግብታችሁ፣ ወልዳችሁ እንኳ አንድ ሰው እርሳስ ቢያቀብላችሁ «ኧረ እኔ ሥዕል አልችልም!» ብላችሁ ወደ ኋላ ትላላችሁ። ደግሞ በኩራት! ወጥ መሥራት የማትችል ሴት እንኳ ይህንን የምትናገረው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

እኔም ከስልሳዎቹ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋረጥኩ እንጂ በነበርኩበት ዘመን አንድ ሙያ ነበረኝ፤ አንገቴን ሳላዞር ከጎኔ ያለችውን ልጅ ወረቀት ማንበብ። ኩረጃ ነው የምትሉ ካላችሁ አልከራከርም፤ ኩረጃ ነው።

አሁን የልጅ እናት ነኝ። ልጄ ሶልያና ትባላለች። ዘጠኝ ወር ሆዴ ውስጥ፣ ዘጠኝ ወር ደግሞ ከሆዴ ውጪ ተሸክሜያታለሁ፤ ልዩነቱ አሁን ትነክሳለች። ስትተኛ አፍንጫዋ ሥር ጣቴን አደርግና ትተነፍስ እንደሆነ አያለሁ። ትተነፍሳለች። እርግጠኛ ለመሆን እቀሰቅሳታለሁ። ታለቅሳለች። አለቀሰች ማለት ተነፈሰች ማለት ነው ብዬ ደስ ይለኛል። አባቷ ዳዊት ሜክሲኮ አደባባይ ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ የሰው ስልክ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ አንዲት ብሎን ሳይጥል የሚገጥም እጅ አለው። ልጁን ሲያቅፍ ግን አላምነውም። እሰጠውና ሁለት እጆቼን ከሥሯ ዘርግቼ አብሬው እቆማለሁ።

«እና አሁን ማነው የያዛት?» ይለኛል።

ጭንቁ ይኼ ብቻ ቢሆን ተሸክሜው እኖር ነበር። ሰኞ መጣብኝ እንጂ። ከመውለዴ በፊት ደምበል አጠገብ አንድ ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር፤ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጫፍ እሰፋለሁ። ባለቤቷ ጥሩ ሴት ናት፤ ቦታዬን ይዛ ጠብቃኛለች። በመጨረሻ ግን ደውላ «ትዕግሥትዬ፣ ሰኞ ካልመጣሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ» አለችኝ። ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ ለደመወዙ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጋር መሳቅ ናፍቆኛል። እዚሁ ካዛንቺስ፣ ከቤታችን አምስት ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ላይ ንጹሕ የሕፃናት ማቆያም አግኝተናል። ሦስት ጊዜ ልጄን ላስረክብ ሄጃለሁ፤ ሦስቴም እንዳቀፍኳት ተመልሻለሁ። አፌ «እሺ» ይላል፣ እግሬም ይሄዳል፤ እጄ ነው እንቢ ያለኝ።

ለክትባት የወሰድኳት ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ልጄን መዘነችና «እሷ ደህና ናት፤ አንቺስ?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ አለቀስኩ። መድኃኒት ትጽፍልኛለች ብዬ ስጠብቅ «ሐሙስ ጠዋት ነይና ሥዕል ሳዪ» አትለኝም? እናቶች የሚጨነቁትን በሥዕል የሚያወጡበት ሕክምና ነው አለችኝ።

ዳዊት ሲሰማ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ጠየቀኝ። «በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትስይው? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

ሐሙስ ሄድኩ። የጤና ጣቢያው ትንሽ አዳራሽ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰባት ሴቶች። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ቤዛ የምትባል መነጽር ያደረገች ልጅ ናት፤ ጂንስ ለብሳ ሳያት እንደኛው ልትታከም የመጣች መስሎኝ ነበር። ወረቀትና ከለር አደለችንና «እዚህ ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል ነገር የለም፤ ማለቴ፣ በቃ የመጣላችሁን ሳሉ» አለችን። እንዲህ ያለ ንግግር ደግሞ ያስፈራኛል። ስሕተት የለም ያለ አስተማሪ ወረቀቱን ከሰበሰበ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን።

«ማርክ አለው?» አሉ እትዬ ወርቄ። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ናቸው።

«የለውም እናቴ፤ ዘና ይበሉ።»

«ታዲያ እጄን ምን ያንቀጠቅጠዋል?»

ከጎኔ የተቀመጠችው ሰሚራ ትባላለች። ሜክሲኮ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። መንታ ወልዳለች፤ መንታዎቹን ለእናቷ ትታ ሁለት እጇን እያወዛወዘች መጥታለች። እንዴት ያለች ጨካኝ ብዬ ሶልያናን ጭኔ ላይ ጠበቅ አደረግኳት።

የመጀመሪያው ሥራ «ልባችሁ የሚያርፍበትን ቤት ሳሉ» የሚል ነበር። ነጩን ወረቀት አየሁት፤ እሱም አየኝ። ከዚያ የጥንቱ ሙያዬ ትዝ አለኝና አንገቴን ሳላዞር ወደ ሰሚራ ወረቀት ተመለከትኩ። ባለ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ መሐል ላይ በር፣ ግራና ቀኝ መስኮት፣ ከኋላ ሁለት ተራራ፣ በተራሮቹ መካከል ማበጠሪያ የመሰለች ፀሐይ። ቀላል ነው። አንዱንም ሳላጎድል ገለበጥኩት።

ቤዛ ሰባቱን ወረቀት ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሰባት ቤት፣ አሥራ አራት ተራራ፣ ሰባት ማበጠሪያ።

«የሁላችሁም ቤት አንድ ዓይነት ሆነሳ?» አለች ልጅቷ ግራ ገብቷት።

«ኮንዶሚኒየም ነዋ የኔ ልጅ!» አሉ እትዬ ወርቄ። «ጎተራ ሄደሽ አታውቂም?»

በሳቅ ፈነዳን። ከዚያ መናዘዝ መጣ። እኔ ከሰሚራ፣ ሰሚራ ከጎኗ ካለችው፣ እሷ ደግሞ ከቀጣይዋ እያልን ጠረጴዛውን ዞረን እትዬ ወርቄ ጋ ደረስን። እሳቸው ምንም ሳያፍሩ በጣታቸው ከቤዛ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አሳዩ። «ክትባት አስከትቡ» የሚል ፖስተር ተለጥፏል፤ እናትየዋ ከነልጇ ቆማለች፣ ከኋላዋ ቤት፣ ከቤቱ ኋላ ሁለት ተራራ። ልባችን የሚያርፍበት ቤት የጤና ጣቢያው ንብረት ነበር።

ቤዛ ከኛ ጋር ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ፖስተሩን በነጭ ወረቀት ሸፈነችና ሁለተኛውን ሥራ ሰጠችን። «ፍርሃታችሁ ቢሳል ምን ይመስላል?»

እናንተዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን የማውቀው ጥያቄ ተጠየቅሁ! ፍርሃት ከሆነማ እኔን የሚያህል ማን አለ? ሰሚራን ዞሬም አላየኋት። ሶልያናን በግራ እጄ እንደያዝኩ በቀኜ ጀመርኩ። ፍርሃት የማይከደን ዓይን ነው ብዬ ትልቅ ዓይን ሳልኩ። ዓይኑ ጠርዙ ላይ ሾለብኝና ዓሣ መሰለ። ይሁና፣ ዓሣ ይሁን። ግን የኔ ፍርሃት ቁጭ አይልም፤ ቤት ውስጥ ይመላለሳል። እግር ልጨምርለት ስል አንድ ጥላ ወረቀቴ ላይ ወደቀ።

ሰሚራ ናት። ከእኔ እየኮረጀች ነው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከእኔ የኮረጀ ሰው ኖሮ አያውቅም። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። ይኼን ፍርሃት እኮ ዘጠኝ ወር ሙሉ እንቅልፌን እየመገብኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ!

«የራስሽን ፍርሃት ሳዪ እንጂ!» አልኳት በሹክሹክታ።

«ያንቺ ያምራላ» አለችኝ። «እኔ ምን ልሳል? መንታ ወልጄ መቼ ለመፍራት ጊዜ አገኘሁ?»

ወረቀቴን እንደ ፈተና በክንዴ ከለልኩት። አልሆነም፤ በአንድ እጅ እየከለሉ በዚያው እጅ መሳል አይቻልም። ሶልያና ደግሞ ወረቀቱን ትጎትተዋለች። ሰሚራም አንገቷ ረጅም ነው። ያኔ አንድ ብልጠት መጣልኝ፤ የዚህችን ሴት ሁለት እጅ ሥራ ካላስያዝኩት አልተርፍም።

«እንቺ፣ ያዥልኝ እስቲ!» አልኩና ልጄን አንስቼ ጭኗ ላይ ቁጭ አደረግኳት።

እፎይ። በሁለት ክንዴ አጥሬ መሳል ጀመርኩ። ለዓሣው አራት እግር ሰጠሁት፤ ይሮጣላ። ጀርባው ላይ አንቀልባ አሳዘልኩት። አንቀልባው ውስጥ አንዲት ክብ ነገር አደረግኩ፤ ልጅ ናት። ሽፋሽፍቱን ስቀጥል እንዴት እንደጣመኝ! ከለሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ደስ ይላል። ሳላውቀው ማንጎራጎርም ጀምሬ ነበር መሰለኝ።

ቤዛ መጥታ ከጎኔ ቆመች። «ትዕግሥት፣ ንገሪኝ እስቲ፤ ይኼ ምንድነው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ዓሣ ብመስልም እኔ ነኝ። ዓይኔ አይከደንም፣ እግሬ አያርፍም፣ ይኸው እንዲህ...» ብዬ እጆቼን ዘረጋሁላት። እጆቼን አየኋቸው። ሁለት ናቸው። ሁለቱም ባዶ ናቸው።

«ልጄስ?!»

ዞር ስል ሶልያና የሰሚራ ጭን ላይ ቆማ፣ የሻርፗን ጫፍ ጨብጣ፣ አፏ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኖ ትስቃለች።

«ቀለም በላች!»

«ትንሽ ናት የበላችው» አለች ሰሚራ። «አረንጓዴ ነው፤ ጎመን ነው በይው በቃ።»

ቤዛ ከለሩ ለልጆች የተሠራ እንደሆነና እንደማይጎዳት ማለችልኝ። እኔ ግን ስለ ከለሩ አልነበረም የምጨነቀው፤ ማለቴ እሱም አለ። ልቀበላት እጄን ብዘረጋ ልጄ አየችኝ፣ በአረንጓዴ አፏ ሳቀችልኝ፣ ተመልሳም ሻርፑን መጎተት ቀጠለች።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?» አልኩ።

«ግማሽ ሰዓት» አለች ቤዛ። «ስትስይ እያየሁሽ ነበር። እንዳልረብሽሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ግማሽ ሰዓት! ስሟን ከሰማሁ ሁለት ሰዓት ላልሞላኝ ሴት! ልጄ ደግሞ ያለ ጣቴ፣ ያለ እኔ ጥበቃ፣ በራሷ አፍንጫ ስትተነፍስ ቆየች።

ሰኞ ጠዋት ማቆያው በር ላይ ቆምኩ። ብዙ ካሰብኩ እጄ እንደሚያምፅብኝ ስለማውቅ፣ ተንከባካቢዋ በሩን ስትከፍት ሳልተነፍስ «እንቺ፣ ያዥልኝ!» ብዬ አስረከብኳት። ከዚያ አጥሩ ሥር ቆሜ ለቅሶዋን ጠበቅሁ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ምንም። በመስኮት አጮልቄ ባይ ሶልያና ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ በፕላስቲክ ማንኪያ የአንድ ልጅ ጭንቅላት ትመታለች። ዞር ብላ በሩን እንኳ አላየችም።

ወደ ደምበል በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት አዝና ሶፍት አቀበለችኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ ምን ደረሰብሽ?»

«ልጄ» አልኳት እየተንሰቀሰቅሁ፤ «ልጄ አላለቀሰችም!»

ሴትየዋ ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ቦርሳዋን አቀፈችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።